ትንሹ አይሮፕላንና የባትሪው ቦታ

በአገራችን ልማድ ለእጅ ባትሪና ለራዲዮ ኃይል የሚሆነውን ነገር ድንጋይ ብለን እንጠራዋለን። የራዲዮው ድምፅ ሲደክም «ድንጋዩ አልቋል» እንላለን። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ስለ አይሮፕላን ያሰበ አይመስለኝም፤ ነገር ግን በራዲዮ የሚታዘዙት ትንንሽ አይሮፕላኖች ታሪክ ሲመረመር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ባትሪ ለነዚህ አይሮፕላኖች ለብዙ ዘመን በእውነት ድንጋይ ነበረ፤ ይኸውም ለመብረር የተሠራውን ነገር ወደ መሬት የሚጎትት ሸክም ነበረ። ኋላ ግን ይኸው ሸክም የሚዛን ድንጋይ ሆነ። አይሮፕላኑ ፊትና ኋላው ተስተካክሎ በአየር ላይ እንዲቆም የሚያደርገው እርሱ ነውና። ሸክሙ ወደ ረዳትነት የተለወጠበትን መንገድ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንከታተላለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአይሮፕላን ሚዛን ማለት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጋዴ በቅሎውን ሲጭን የግራውና የቀኙ ጭነት እኩል እንዲሆን ይጠነቀቃል። ይህ ብቻ ግን አይበቃውም፤ ዳገት ሲወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ሲወርድም ወደ በቅሎዋ አንገት እንዳይንሸራተት አጥብቆ ያስረዋል። ለአይሮፕላንም ሁለቱም ሚዛኖች ያስፈልጋሉ፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የፊትና የኋላው ነው።

ማስመሪያ በአንድ ጣት ላይ ስናጋድም ሳይወድቅ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለ። ክብደቱ ሁሉ በዚያ ቦታ እንደ ተሰበሰበ ሆኖ ይቈጠራል፤ ስሙም የክብደት ማእከል ይባላል። አይሮፕላንም እንዲሁ የራሱ የክብደት ማእከል አለው። ይህ ማእከል በተገቢው መጠን ወደ ፊት የሆነ እንደ ሆነ፣ ነፋስ አፍንጫውን ወደ ላይ ቢገፋው ጭራው መልሶ ያስተካክለዋል። ከመጠን አልፎ ወደ ኋላ የሄደ እንደ ሆነ ግን አፍንጫው አንድ ጊዜ ቀና ካለ ይብሱን ቀና እያለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ክንፉ አየሩን መያዝ ይሳነዋል፣ አይሮፕላኑም ይወድቃል። ከመጠን በላይ ወደ ፊት ሲሆን ደግሞ አፍንጫው ይከብድና አይሮፕላኑ ለመነሣትም ለማረፍም ያስቸግራል። ከሁለቱ ጥፋቶች የሚከፋው የኋላው ነው። አፍንጫው የከበደ አይሮፕላን በግድም ቢሆን ይመራል፤ ጭራው የከበደ ግን መሪን እንቢ ይላል።

ይህን ሕግ በሥራ ለማሳየት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ሰር ጆርጅ ኬይሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ኬይሊ በ1804 ዓ.ም. ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ሞተር የሌለው ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። አካሉ አንድ በትር ነበረ፤ ከፊት ክንፍ፣ ከኋላም እንደ መስቀል የተሠራ ጭራ ነበረው። በበትሩ ላይ ከቦታ ወደ ቦታ ሊዛወር የሚችል ክብደትም አድርጎበት ነበረ። ኬይሊ ይህን ክብደት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረገ የክብደቱን ማእከል ይለውጥ፣ አበራረሩንም ይመለከት ነበረ። ልብ እንበል፤ በዚያን ጊዜ አይሮፕላን ሊያበር የሚችል ሞተር አልነበረም፣ የኤሌክትሪክ ባትሪም ቢሆን ቮልታ ከፈለሰፈው ገና አራት ዓመቱ ነበረ። ኃይል ሳይገኝ ሚዛን ተገኘ ማለት ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ባትሪውን በአይሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲያዛውር የሚሠራው ሥራ ኬይሊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሠራው ሥራ ነው።

ከኬይሊ በኋላ ይህን ጥናት ወደ ፊት ያራመደው አልፎንስ ፔኖ የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት ነው። ፔኖ ነሐሴ 18 ቀን 1871 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ሰዎች ሰብስቦ 16 ግራም ብቻ የሚመዝን አይሮፕላን አበረረ። ኃይሉ የተጠማዘዘ ላስቲክ ነበረ፤ ላስቲኩ ሲፈታ ከኋላ ያለውን ውልብልቢት ያዞረዋል። አይሮፕላኑ ማንም ሳይነካው ለ11 ሰከንድ ያህል በረረ፤ ወደ 40 ሜትርም ተጓዘ። አስደናቂው ነገር ርቀቱ አይደለም፤ መሪ የሚይዝ ሰው ሳይኖርበት ሚዛኑን ጠብቆ መብረሩ ነው እንጂ። ይህም የሆነው ፔኖ የክብደቱን ቦታና የጭራውን አቀማመጥ አስማምቶ ስለ ሠራው ነው።

ነገር ግን የሚዛን ጥናት የሰውን ሕይወትም የጠየቀ ነው። ኦቶ ሊሊየንታል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በሠራቸው ክንፎች ላይ ተንጠልጥሎ ከኮረብታ እየተነሣ ይንሳፈፍ ነበረ፤ በረራውም ወደ 2000 ጊዜ ይደርሳል። ሊሊየንታል አይሮፕላኑን የሚመዝነው በራሱ አካል ነበረ። አፍንጫው ሲነሣ እግሩንና ወገቡን ወደ ፊት ይወረውራል፣ ሲያዘቀዝቅም ወደ ኋላ ይመልሳል። ዳሩ ግን ተንጠልጥሎ ያለ ሰው አካሉን የሚያዛውርበት ስፍራ ጥቂት ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1896 ዓ.ም. አየሩ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣበት፤ ሊሊየንታልም ክብደቱን ወደ ፊት ቢጥል አልበቃውም። ክንፉ በአየር ላይ ቆመና ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ፤ አከርካሪው ተሰብሮ በማግስቱ ሞተ። ከዚህ በኋላ የመጡት ሁሉ በሰው አካል መወዛወዝ ብቻ መታመን እንደማይበቃ ከርሱ ሞት ተማሩ።

የሊሊየንታል ሞት ወሬ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ዊልበርና ኦርቪል ራይት የሚባሉትን ወንድማማቾች ወደዚህ ጥናት አነሣሣቸው። እነርሱም በልጅነታቸው፣ በ1878 ዓ.ም.፣ አባታቸው ፔኖ በላስቲክ ይሠራቸው ከነበሩት ዐይነት አንድ የሚበር መጫወቻ ሰጥቷቸው ነበረ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ዓ.ም. በሞተር የሚሄደውን አይሮፕላናቸውን አበረሩ፤ በዚያ ቀን ረጅሙ በረራ 59 ሰከንድ ሆነ። ይሁን እንጂ አይሮፕላናቸው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ያስቸግራቸው ነበረ። በ1904 ዓ.ም. ይህን ለማረም ሞተሩንና ሌሎቹን ከባድ ዕቃዎች ወደ ኋላ ቢያዛውሩ ነገሩ ባሰ። ከዚህ በኋላ ተቃራኒውን አደረጉ፤ ከፊተኛው መሪ ሥር 32 ኪሎ ያህል ብረት ጫኑበት። አይሮፕላኑ ክብደት ተጨምሮበት ከቀድሞው ይልቅ ተሻለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ክብደትን ለመቀነስ ሌት ተቀን ይደክሙ የነበሩ ሰዎች 32 ኪሎ ሥራ የሌለው ብረት በገዛ እጃቸው መጫናቸው እንደ ሞኝነት ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን አይሮፕላንን የሚጥለው የክብደት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የቦታውም ስሕተት ይጥለዋል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ ያን ሥራ የሌለውን ብረት ሥራ በሚሠራ ነገር መተካት ይቻላልን? የሚል ነው። የዚህ መልስ ከብዙ ዘመን በኋላ ከትንንሾቹ አይሮፕላኖች ዘንድ መጣ።

ኒኮላ ቴስላ በ1898 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ያለ ሽቦ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳየ። ጀልባዪቱ ባትሪዋን በሆድዋ ይዛ ነበረ። ጀልባ ግን ታጋሽ ናት፤ ክብደት ቢበዛባት ትንሽ ጠለቅ ትላለች እንጂ ወዲያው አትጠፋም። አየር እንዲህ ያለ ትዕግሥት ስለሌለው ራዲዮ በትንሽ አይሮፕላን ላይ እስኪጫን ድረስ ወደ 40 ዓመት ያህል አለፈ።

ይህን በተሳካ ሁኔታ ከፈጸሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች ይገኛሉ። አገራቸው በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍል ካላማዙ የምትባል ከተማ ናት። በ1937 ዓ.ም. ጉፍ ብለው የሰየሙትን አይሮፕላን በራዲዮ እየመሩ አበረሩ። የጉፍ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይደርስ ነበረ፤ ክብደቱም ወደ 4 ኪሎ ይጠጋ ነበረ። በ1938፣ በ1939፣ በ1940ና ከጦርነቱም በኋላ በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር አሸነፉ። በ1960 ዓ.ም. አይሮፕላኑን ስሚዝሶኒያን ለሚባለው ታላቅ ቤተ መዘክር አበረከቱ።

ለመጫወቻ የተሠራ አይሮፕላን ይህን ያህል ትልቅ መሆኑ ለምን እንደ ሆነ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። ዋናው ምክንያት ድንጋዩ ነው። በዚያ ዘመን ራዲዮ የሚሠራው ቫልቭ በሚባሉ የብርጭቆ አምፑሎች ነበረ፤ እነዚህም ሁለት ዐይነት ባትሪ ይፈልጋሉ። አንደኛው በአምፑሉ ውስጥ ያለውን ቀጭን ሽቦ የሚያግል ዝቅተኛ ቮልት ያለው ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ፣ በብዙ ዐሥር ቮልት የሚቈጠር ነው። መሪውን ለሚያንቀሳቅሰው መሣሪያም ሌላ ኃይል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለመሸከም ክንፉ ትልቅ መሆን ነበረበት፤ ክንፉም ሲተልቅ ሌላው አካል ሁሉ አብሮት ይከብዳል። ከዚህም በላይ አይሮፕላኑ የሚሄደው በቤንዚን ሞተር ስለ ነበረ ባትሪው ለበረራው ኃይል ምንም አይረዳም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለዚህ ከባድ ዕቃ በክብደቱ ማእከል አጠገብ ስፍራ ይፈልጉለት፣ ሚዛኑንም እንዳያበላሽ ይጠነቀቁ ነበረ። ባትሪ በዚያ ዘመን የማይወደድ ግን ሊቀር የማይችል እንግዳ ነበረ።

ሸክሙ መቅለል የጀመረው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው በ1947 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር የብርጭቆውን አምፑል ሥራ በትንሽ ኃይል ስለሚሠራ ያን ከፍተኛ ቮልት ያለውን ከባድ ባትሪ አስቀረው። ሁለተኛው የባትሪው የራሱ መሻሻል ነው። 1 ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ባትሪ ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ኒኬል ካድሚየም የሚባለው ከ40 እስከ 60 ይይዛል። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ የወጣው የሊቲየም ባትሪ ዛሬ ከ150 እስከ 250 ይደርሳል። የሊቲየምን ባትሪ ያሻሻሉ ሦስት ሊቃውንት በ2019 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ባትሪው እየተሻሻለ ሲሄድ ሰዎች ራዲዮውን ብቻ ሳይሆን ውልብልቢቱንም በኤሌክትሪክ ማዞር አሰቡ። ሰኔ 30 ቀን 1957 ዓ.ም. ኮሎኔል ታፕሊን የተባለ እንግሊዛዊ የራዲዮ ንግሥት የተሰኘችውን ትንሽ አይሮፕላን በኤሌክትሪክ ሞተርና ከብርና ከዚንክ በተሠራ ባትሪ አበረረ፤ ይህም በመዝገብ ከተጻፉት በኤሌክትሪክ ኃይል በራዲዮ የተመሩ በረራዎች የመጀመሪያው ነው። ፍሬድ ሚሊትኪ የተባለ ሌላ ሰው በትንንሽ የኤሌክትሪክ አይሮፕላኖች ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. በአውስትሪያ ሰው የተቀመጠበት አይሮፕላን በኒኬል ካድሚየም ባትሪ ኃይል እንዲበር አደረገ። በረራው ከ15 ደቂቃ ያነሰ ቢሆንም ትንሹ አይሮፕላን ለትልቁ መምህር መሆኑን አስመስክሯል።

እንግዲህ ባትሪው ራሱ የበረራው ኃይል በሆነ ጊዜ የሚዛኑ ጥያቄ መልኩን ለወጠ። በኤሌክትሪክ በሚሄድ ትንሽ አይሮፕላን ውስጥ ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው ብዙውን ጊዜ ባትሪው ነው። ከባድ በመሆኑም ጥቂት ቢዛወር ሚዛኑን በብዙ ይለውጠዋል። ይህን በአንድ የሒሳብ ምሳሌ እንየው።

ባትሪውን ጨምሮ 1000 ግራም የሚመዝን አይሮፕላን አለን እንበል፤ ባትሪው ብቻውን 200 ግራም ይመዝናል። የክንፉ ወርድ ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ኋለኛው ጠርዝ 20 ሴንቲሜትር ነው። በተለመደው ዐይነት አሠራር የክብደት ማእከል ከፊተኛው ጠርዝ ተለክቶ ከክንፉ ወርድ ከመቶ 25 እስከ 33 ባለው ቦታ ይሆናል። ለኛ አይሮፕላን 6 ሴንቲሜትር እንዲሆን ተወስኗል እንበል። አይሮፕላኑን በሁለት ጣቶች ጫፍ ከክንፎቹ ሥር ደግፈን ብናነሣው ቀጥ ብሎ የቆመው በ7 ሴንቲሜትር ላይ ሆነ። ስለዚህ የክብደቱ ማእከል 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ አልፏል ማለት ነው። 1000 ግራም በ1 ሴንቲሜትር ሲባዛ 1000 ይሆናል፤ 200 ግራምም በ5 ሴንቲሜትር ሲባዛ እንዲሁ 1000 ይሆናል። እንግዲህ ባትሪውን 5 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ብናስጠጋው ሚዛኑ ይስተካከላል፤ አንድ ግራም እንኳ አልተጨመረም።

ባትሪውን ማዛወር ባይቻልስ? ያን ጊዜ እንደ ራይት ወንድማማቾች ክብደት መጨመር ግድ ነው። የአፍንጫው ጫፍ ከሚፈለገው ማእከል 25 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ 40 ግራም እርሳስ እዚያ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ 40 በ25 ሲባዛ 1000 ነውና። እርሳሱ ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ውልብልቢቱን አያዞርም፣ ራዲዮውን አያሠራም። በየበረራው ተሸክሞት የሚሄደው ክንፉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥበብ ያላቸው ሠሪዎች የባትሪውን ክፍል ረዘም አድርገው ይሠሩታል፤ ባትሪው እንደ ኬይሊ ክብደት ወዲያና ወዲህ እንዲዛወር ቦታ ይተዉለታል። እርሳስም የሚፈልጉት ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ነው።

ባትሪ ሌላም መልካም ጠባይ አለው። የቤንዚን ጋን በበረራ ላይ እየጎደለ ይሄዳል፤ ጋኑ ከክብደቱ ማእከል የራቀ እንደ ሆነ ሲነሣ የተስተካከለው ሚዛን ሲያርፍ ተለውጦ ይገኛል። ባትሪ ግን ኃይሉ ቢያልቅም ክብደቱ አይቀንስም። የሞላውም የባዶውም ድንጋይ ሚዛን ላይ ቢወጣ ያው ነው። ስለዚህ መሬት ላይ የተመዘነው ሚዛን እስከ ማረፊያው ድረስ ይጸናል።

ይህ ግን ባትሪው በቦታው የጸና እንደ ሆነ ብቻ ነው። በበረራ ላይ ማሰሪያው ተፈቶ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ባትሪ መሬት ላይ የተደከመበትን ሒሳብ ሁሉ በአንድ አፍታ ያፈርሰዋል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ነሐሴ 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በማያሚ ከተማ የሆነውን ያስታውስ። አንድ ዲሲ-8 የሚባል ትልቅ የጭነት አይሮፕላን ጭነቱ በትክክል ስላልተደለደለ የክብደቱ ማእከል ወደ ኋላ ሄዶ ነበረ። ከመሬት እንደ ተነሣ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና አለና ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት አራት ሰዎችና በምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። ሊሊየንታልን የጣለው ሕግ ከመቶ ዓመት በኋላ አልተለወጠም። ለ16 ግራሙ የፔኖ አይሮፕላንም ሆነ ብዙ ሺሕ ኪሎ ለሚመዝነው ሕጉ አንድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አይሮፕላን ለመሥራት የሚያስቡ ታናናሾቻችን ሦስት ነገር ቢጠብቁ መልካም ነው። አንደኛ፣ አካሉን ቈርጠው ከማጣበቃቸው በፊት የባትሪውን ስፍራ በወረቀት ላይ ይወስኑ፤ ከተሠራ በኋላ ስፍራ መፈለግ እርሳስን ያስጠራልና። ሁለተኛ፣ ሚዛኑን የሚለኩት ዕቃው ሁሉ ከነባትሪው ተሟልቶ በገባበት ጊዜ ይሁን። ሦስተኛ፣ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ምልክት ያድርጉበት፤ ባትሪውንም አጥብቀው ይሰሩት፣ ከየበረራውም በፊት ነካ አድርገው ይመርምሩት።

የትንሹ አይሮፕላን ታሪክ ሰዎች ክብደትን ለማስወገድ የታገሉበት ታሪክ ሆኖ ተጀመረ፤ አንዱ ክብደት ግን ሊወገድ አልቻለም፣ ኃይሉ በርሱ ውስጥ ነበረና። ሠሪዎቹ ያተረፉት ያን ክብደት ከመጥላት ይልቅ ቦታውን ማወቅ በጀመሩ ጊዜ ነው። ያለ ቦታው የተቀመጠ ድንጋይ መሰናከያ ይሆናል፤ በቦታው የገባ ድንጋይ ግን ቤትም ያቆማል፣ ሚዛንም ይጠብቃል።